የሻይ ቤቱ መስመር

መቱ ላይ ዝናብ ወቅት የለውም። ሰዉ «ክረምት ወጣ» የሚለው የግድግዳ ካላንደር አይቶ እንጂ ሰማይ አይቶ አይደለም። ልጅ ሆኜ መስቀል ካለፈ በኋላም ዣንጥላ ይዤ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ለሥልጠና አዲስ አበባ ተልኬ ጥቅምትን ሙሉ ደረቅ ሰማይ ሳይ፣ «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ጠይቄ ያሳቅኩ ሰው ነኝ። ከተሜው ዝናብ ይናፍቅ ይሆናል። ቡና የሚያደርቅ ሰው ግን ዝናብን የሚጠብቀው እንደ ሌባ ነው።

የሠራሁበት የቡና ማድረቂያ ከመቱ ወጣ ብሎ በቡሬ መንገድ ላይ ነበር። አንድ ኮረብታ ከአናቱ እስከ ግርጌው አልጋ ተደርድሮበታል። አልጋ የምለው የሚተኙበትን አይደለም፤ በእንጨት እግር የቆመ፣ ሽቦ የተወጠረበት፣ ቀይ ቡና ከነገለፈቱ የሚሰጣበት ረጅም ማድረቂያ ነው። ሴቶች ቀኑን ሙሉ በዙሪያው እየተመላለሱ በእጃቸው ያገላብጡታል። ግማሽ የደረቀ ቡና ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ የሻገተ ቡና ደግሞ ምን ቢያደርጉት ሽታው አይለቅም። ስለዚህ ደመናው ሲጠቁር አናት ላይ ያለችው ሴት «ቦካን ዱፌ!» ብላ ትጮኻለች። ዝናብ መጣ ማለቷ ነው። ከሥሯ ያለችው ትቀበላታለች፣ ጩኸቱ ከአፍ ወደ አፍ እስከ ግርጌው ይወርዳል፣ ሴቶቹም ትልልቅ ላስቲክ እየጎተቱ አልጋ ለማልበስ በዚያ በሚያዳልጥ ቀይ ጭቃ ላይ ይሮጣሉ።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ የወደቁት እንዲህ ሲሮጡ ነው። እኔ ያኔ ገና ኮሌጅ ነበርኩ፤ ታሪኩን የሰማሁት ከሰው ነው። ላስቲኩ ነፋስ ገባበትና ይዟቸው ሄደ አሉ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ብዙ ተኙ፣ ወጥተውም ወጌሻ አያቸው፣ በመጨረሻ ከሁሉም የተረፋቸው አንድ ከዘራ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሆስፒታል ስንቅ ያመላለሰችላቸው ማድረቂያው በር ላይ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታቸው ናት። ይህችን ሴት አስታውሱልኝ፤ ክፉ ነገር ሳታደርግ በታሪኬ ውስጥ ትመለሳለች።

የእትዬ ባል የማድረቂያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጎረምሳ ሳሉ ከወደ ሆሳዕና መጥተው ለመቱ ግማሽ ቤት መብራት ያስገቡት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ናስትሮውን እንደ አምባር እጃቸው ላይ ያጠልቃሉ። ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ፤ የሽቦ ገመናችንን የሚያዩ ስለሚመስለን ልጆች ሆነን እንፈራቸው ነበር። እትዬ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያወሩት፦ «ከእንግዲህ በዚህ ኮረብታ ላይ ማንም ሴት አትሮጥም።»

ሐሳቡን ያገኙት ከመስኮት መጋረጃ ነው። አልጋው በላዩ ቅስት ይኑረው፣ ላስቲኩ በቅስቱ ላይ እንደ መጋረጃ ይንሸራተት፣ የሽቦ ገመዱን ትንሽ ሞተር ይጎትተው። የመጀመሪያውን በእጅ በሚዞር መዘውር ሠሩት። ሞተሩም ቀላል ነበር። የቀረው ሞተሮቹ ዝናብ መምጣቱን እንዲያውቁና አንድ ላይ እንዲነሡ ማድረግ ነው። እኔ የተቀጠርኩት ለዚህ ነው። የማድረቂያውን ባለቤት ሁላችንም «ኦቦ» ነው የምንላቸው፤ ጨዋ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ዲፕሎማዬን ገልብጠው ሳያዩ «ጋሼ ካሉሽ በቂ ነው» ብለው ወደ ኮረብታው ሰደዱኝ።

ለእያንዳንዱ አልጋ አንዲት ትንሽ ሳጥን ሠራሁለት። ሳጥኗ ውስጥ የጥፍር ያህል ኮምፒውተር አለች፤ ሥራዋ ሞተሩን ማስነሣትና ማቆም ብቻ ነው። ሳጥኖቹን በኔትወርክ ኬብል ከኮረብታው አናት ካለ አንድ ትልቅ ሳጥን ጋር አገናኘናቸው። እዚያ አናት ላይ የዝናብ ጠብታ የሚለይ ሴንሰር አቆምን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዷ ሳጥን የምትሠራው ኢምንት ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ኮረብታውን ያለብሱታል።

ኔትወርክ ሲባል ሰው ሁሉ ፍጥነቱን ይጠይቃል። የእኛ ጉዳይ ፍጥነት አልነበረም፤ ቀጠሮ ማክበር ነበር። «ዝናብ መጣ» የሚለው መልእክት ከአንድ ፎቶ ጋር ሲተያይ ከምንም አይቆጠርም። ነገር ግን በሰዓቱ መድረስ አለበት፤ ሁልጊዜ፣ ለሁሉም። ከዘገየ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለጋሼ የገለጽኩላቸው በዕድር ጥሩንባ ነበር። «ጥሩንባው ሲነፋ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ የሚወጣው ለሌላ ነገር ስለማይነፋ ነው። ለሠርግም ለገበያም ቢነፉት ማን ይሰማው ነበር? የዝናቡ መስመርም እንደዚያ ይሁን፤ ዝናብ ብቻ ይሂድበት።» በጣም ደስ አላቸው። ያን ሰሞን ለሁሉም ሰው ሲያወሩት ከረሙ።

የመጀመሪያው ዓመት ያማረ ነበር። አልጋዎቹ ጥቂት ናቸው፤ መስመሩ ላይ ከዝናብ በቀር ወሬ የለም። አናት ላይ ያለው ሳጥን ልክ እንደ አስተማሪ ስም ይጠራል፣ እያንዳንዷ ሳጥን «አቤት» ትላለች፣ ላስቲኮቹ ሽው ብለው እኩል ይዘጋሉ። እትዬን በወንበር ተሸክመን አመጣናቸው። ለሠራተኛ ማረፊያ በተሠራው መጠለያ ሥር ተቀምጠው ሲያዩ የመጀመሪያው ጠብታ ወደቀ፣ ኮረብታው ተከደነ፣ ከዚያ ዝናቡ ላስቲክ ላይ ሲንጣጣ ተሰማ። እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እየሳቁ፣ «ኧረ ዝናቡን አሞኛችሁት!» አሉ። ከዳሪሙ ወረዳ ለሥራ የሚመጡት ሴቶች እልል አሉ። ጋሼ ወደ መዘውሮቹ ሄደው ደህና የተቀባውን ቅባት እንደገና ቀቡ። ዓይናቸውን እንዳናይ ነው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ከሰዓት በኋላ እየመጡ መጠለያው ሥር መቀመጥ ልማዳቸው ሆነ። ሴቶቹም መሮጥ ተዉ። የድሮው ላስቲክ ለጣሪያና ለእህል ማስጫ እየተቆረጠ ለሰው ታደለ።

ጣጣው የመጣው ነገሩ ስላማረ ነው። ኦቦ የጎን ኮረብታውን ጨመሩ። አልጋ በዛ፤ ከያዮ ጫካ ሳይቀር ቡና ይመጣልን ጀመር። አልጋ ሲበዛ ስም መጥራቱ ይረዝማል፤ የመጨረሻዋ ሳጥን ተራዋ እስኪደርስ መጠበቅ አለባት። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አውቅ ነበር። ኮረብታውን በክፍል መክፈል ነው፤ ለየክፍሉ የራሱ ጠሪ፣ የራሱ መስመር፣ ሰዓታቸው እኩል የሚቆጥር፣ ሁሉም በተራው ብቻ የሚናገር። በወረቀት ላይ ሠርቼ ለጋሼ አሳየኋቸው። «በጣም ጥሩ» አሉኝ። ነገር ግን ቡናው በር ላይ ደርሷል፣ የምንፈልገው ኬብል ከአዲስ አበባ አልመጣም። «ለጊዜው ከመጨረሻዋ ቀጥለን እንሂድ፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» ተባባልን። በኋላ የምትባለው ቀን የማትመጣ እንግዳ ናት፤ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነች።

«ከመጨረሻዋ መቀጠል» ለእኛ ከተማ ሰው ነውር አይደለም። በሰፈራችን አንድ ቆጣሪ ስንት ቤት እንደሚያበራ እግዚአብሔር ይወቀው። አዲስ ጎረቤት ሲመጣ የራሱ ቆጣሪ እስኪገባለት በመስኮት ሽቦ ይቀበላል። አምፖላችን ደብዘዝ ሲል ማንም አያጉረመርምም፤ እናቴ «ጎረቤት ልብስ እየተኮሰች ነው» ትላለች፣ ተኩሳ እስክትጨርስ በድንግዝግዝ እንቀመጣለን። ጋሼ ራሳቸው መቱ በገቡ ቀን ጨለማ ክፍል ተከራይተው ተቀምጠው ሳለ፣ የማያውቋቸው አሮጊት በመስኮት አንድ አምፖል ከነሽቦው አቀበሏቸው። ይህን ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። ሲጨርሱም የሚሉት አንድ ነው፦ «ለእኔ ያልተከለከለውን እኔ እንዴት እከለክላለሁ?»

ስለዚህ ሰው መስመር ሲጠይቃቸው እምቢ አላሉም። መጀመሪያ የሚዛን ቤቱ ኮምፒውተር ከቢሮው ጋር መገናኘት ፈለገ፤ ኬብላችን በደጁ ያልፋል፣ ቀጠሉለት። ቀጥሎ ጥበቃው በሩን በካሜራ ማየት አማረው፤ ቀጠሉለት። ቢሮው ኢንተርኔት ሲያስገባ ደግሞ ባለ ሻይ ቤቷ መጣች። ኳስ የሚያሳይ ሻይ ቤት ሁሉ ደንበኛ ሲሞላው የእሷ ባዶ ሆኗል። አልለመነችም እንኳ። «ጋሼ፣ ከዚያ ከእናንተ ትንሽ ብትተርፈኝ» ብላ ብቻ ቆመች። ስንቅ ይዛ ሆስፒታል የተመላለሰች ሴት! ጋሼ በዚያው ቀን ከበሩ ምሰሶ ላይ መስመር አሻገሩላት። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ የጋሼ ሥራ ምንጊዜም ንጹሕ ነው። የዕድሩ ጥሩንባ ኳስ ማብሰር ጀመረ።

ከታች ያሉት አልጋዎች መዘግየት ሲጀምሩ መዘውሩን ጠረጠርን። ቅባት ቀባን፣ ገመድ ቀየርን፣ ሞተር ፈትተን ገጠምን። አንድ ቀን ልክ ይሆናል፣ በማግሥቱ ይዘገያል። እኔ ላፕቶፔን መስመሩ ላይ ሰክቼ ስጠብቅ ዋልኩ፤ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ኳስ ሲኖር የዝናቡ መልእክት ከኳሱ ኋላ ተሰልፎ ይቆማል። አናት ያለው ሳጥን መልስ ሲያጣ ደግሞ ደጋግሞ ይጣራል፣ ጥሪውም ሰልፉ ላይ ይጨመራል። አምፖል ቢሆን ደብዘዝ ብሎም ያበራል። የዝናብ መልእክት አይደበዝዝም፤ ወይ በሰዓቱ ይደርሳል ወይ ውሸት ይሆናል።

«ጋሼ፣ የሻይ ቤቱ መስመር መነቀል አለበት» አልኳቸው።

«እነግራታለሁ።»

«ዛሬ?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው እንዴት በአንድ ጊዜ… ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

ቀናት አለፉ። በሻይ ቤቱ ደጅ ሲያልፉ ሴትዮዋ ሰላም ትላቸዋለች፣ የእትዬን ጤና ትጠይቃለች፣ ነገሩ አፋቸው ላይ ይቀራል። እኔ በወጣትነቴ የምታወቀው በቁጣዬ ነበርና ፒንሳ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ራሴ ሄድኩ። ገና ደጃፉን ስረግጥ ወንበር ተሳበልኝ። ሻይ መጣ፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ መጣ። «ያቺ መስመራችሁ እኮ ቤቴን አቆመችልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አለችኝ፤ ሒሳብም አልቀበል አለች። ፒንሳው ከቦርሳዬ ሳይወጣ ተመለስኩ። ጋሼ ከሩቅ አይተውኝ ምንም አልጠየቁኝም፤ አፌ ላይ ስኳር ነበረ።

እንግሊዞቹ ይህን ነገር በምን ስም እንደሚጠሩት አላውቅም። እኛ ይሉኝታ እንለዋለን። በተማርኳቸው መጻሕፍት ሁሉ መስመር የሚያጨናንቀው ነገር በዝርዝር ተጽፏል፤ ይሉኝታ ግን የለበትም።

ሁሉ ነገር የፈረሰው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻይ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፤ ከሆታው ብዛት ከበድ ያለ ግጥሚያ እንደነበር ይገባኛል። ደመናው በጎሬ በኩል መጣ። አናት ያሉት አልጋዎች በደህና ተዘጉ። ከታች ያሉት ግን ቡናቸውን ገልጠው ዝም አሉ። ጠብታው ወፈረ። ያኔ ዓመታት ያልሰማሁት ድምፅ ከግርጌው ተነሣ፦ «ቦካን ዱፌ!»

ሴቶቹ ሮጡ። ላስቲክ ፍለጋ ወደ መጋዘኑ የሮጡት ባዶውን አገኙት፤ የድሮው ላስቲክ የሰው ጣሪያ ላይ ነው ያለው። ሌሎቹ በአልጋዎቹ መሀል ገብተው መጋረጃውን በእጃቸው ይጎትቱ ጀመር። እኔ ከአናት እየተንሸራተትኩ ስወርድ እትዬን አየኋቸው። ከመጠለያው ተነሥተዋል። ከዘራቸውን ይዘው፣ እያነከሱ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ቅርቡ አልጋ ሄደው ገመዱን በአንድ እጃቸው ይዘው ይስባሉ። ጋሼ ከበሩ ወገን «አንቺ! ተመለሽ!» እያሉ ይጣራሉ።

በኋላ እንደሰማሁት በዚያች ቅጽበት የሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ሥዕል ተንቀራፈፈና ባለ ሻይ ቤቷ አጥፍታ አበራችው። መስመሩ ለአንድ አፍታ ተለቀቀ። ተሰልፈው የቆሙት የዝናብ መልእክቶች በሙሉ ወረዱ፣ ሞተሮቹም አንድ ላይ ተነሡ። ሴቶቹ ጮኸው እጃቸውን ሰበሰቡ። እትዬ አልቻሉም። ገመዱ ከነከዘራቸው ወሰዳቸውና በዚያው በተሰበረው ጎናቸው ጭቃው ላይ ጣላቸው።

መጋረጃው በላያችን ተከድኖ፣ ቡናው አስቀድሞ ርሶ፣ እኛ እትዬን አነሣናቸው። «ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንኩም» ይላሉ፤ ከንፈራቸው ግን ነጭ ሆኗል። ጋሼ ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉላቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ በሩ ምሰሶ ሄዱ። ተከተልኳቸው።

ምሰሶው ላይ ሁለት ኬብል አለ፤ አንዱ ወደ አልጋዎቹ የሚወርደው፣ ሌላው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሻይ ቤቱ የሚሄደው። ጋሼ ፒንሳቸውን አወጡ። እኔ በጣቴ የሻይ ቤቱን አሳየኋቸው። ጋሼ በመስኮቱ በኩል አዩ። ባለ ሻይ ቤቷ ሻይ እየቀዳች ቀና ስትል አየቻቸውና በእጇ ሰላም አለቻቸው። ጋሼም እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሏት።

ከዚያ የእኛን ቆረጡት። ኬብሉ ወፍራም አይደለም፤ በአንዴ ተበጠሰ። ወዲያው ከሻይ ቤቱ ሆታ ፈነዳ። ጎል መሆኑን ወይም ሥዕሉ ጠርቶላቸው መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ኦቦ መጡ። የረሰረሰውን ቡና በእጃቸው ዘግነው አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። አልተቆጡም። ቢቆጡ እከራከራቸው ነበር። ወረቀቴን ዘርግቼ አስረዳኋቸው፤ ለዝናቡ ለብቻው መስመር እንዘርጋ፣ ኮረብታውን በክፍል እንክፈለው፣ ለዝናብ ቃል ቅድሚያ የሚሰጥ ማከፋፈያ እናምጣ፣ ከባድ ነገር አይደለም። ኦቦ ወደ ጋሼ ዞሩ። ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

«ሃ ሀፉ» አሉ ኦቦ ለስለስ ብለው። ይቅር ማለታቸው ነው።

አዲስ ላስቲክ ተገዛ። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ጆንያ ውስጥ ከተትኳቸው። ጋሼ ወደ ቤት መብራት ሥራቸው ተመለሱ። እትዬ ዳግመኛ ኮረብታው ላይ አልወጡም፤ ከዘራውም ከዚያ በኋላ አላቆማቸውም።

ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ክፉ ሰው ብፈልግ አጣሁ። ባለ ሻይ ቤቷ የለመነችው ፍርፋሪ ነው። ጋሼ የከፈሉት የድሮ ውለታ ነው። ኦቦ ሰው ማስጨነቅ አይወዱም። ሁላችንም ጥሩ ሰዎች ነበርን፣ እኛ ጥሩ ሆነን ያን የመሰለ ነገር ፈረሰ። ያንገበግበኛል። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ እሱን ረግሜ እገላገለው ነበር።

አሁን በሌላ ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። እኛ ኮረብታው ላይ ከዘረጋነው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሳጥን አለ፤ ከሕንፃ ሕንፃ ይነጋገራሉ፣ አንዱም ቀጠሮ አያፈርስም። የማሽኑ መስመር ለማሽን ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። አንድ ጊዜ የጥበቃው ሰውዬ በጨዋ ደንብ «ለስልኬ ትንሽ ብትቀጥሉልኝ» ብሎኝ «አይቻልም» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ከአንገት በላይ ነው። መስመራችን አይዘገይም፤ «ነይ፣ ሻይ ጠጪ» የሚለኝ ሰው ግን እዚያ የለም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም ወይ እያልኩ እቆጫለሁ። ያ መንገድ ካለ መቱ ላይ ነበር ማግኘት የነበረብኝ።

ባለፈው ዓመት፣ ኅዳር መገባደጃ ላይ፣ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ጋሼና እትዬ ዘንድ ጎራ አልኩ። ቤታቸው ከኮረብታው ሥር ነው። ጋሼ አርጅተዋል፤ ናስትሮው አሁንም እጃቸው ላይ አለ። እትዬ ባለ ክንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በቦርሳዬ አንዲት ማከፋፈያ ይዤ ነበር፤ የዝናብን ቃል ከሌላው ሁሉ አስቀድማ የምታሳልፍ ዓይነት። ለምን እንደያዝኳት ለራሴም አልነገርኩም። ኦቦ አሁንም አሉ፣ አልጋዎቹም አሉ፣ ጋሼ «እንሞክር» ቢሉኝ ብዬ ይመስለኛል።

ሳላወጣት እትዬ ቀደሙኝ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ያ ነገር ለብቻው መስመር ቢኖረው ኖሮ ይሠራ ነበር?»

ጋሼን አየኋቸው። ጣሪያውን ያያሉ።

«ይሠራ ነበር እትዬ።»

«ብዙ ድካም ነበረው?»

«ለጊዜው የሻይ ቤቱን መንቀል ብቻ ይበቃ ነበር።»

እትዬ ወደ ባላቸው ዞሩ። አሁን መጣ አልኩ በልቤ፤ በዚህች ምድር ላይ ይህን ሰው ለመጠየቅ መብት ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ዛሬ ይጠይቋቸዋል አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንዲጠይቋቸው ፈልጌ ነበር።

«ምን ብለህ ትነቅልባት ነበር?» አሏቸው። ቁጣ የለበትም። «ሴትዮዋ እኮ ስንቱን ቀን ስንቅ አመላልሳልኛለች።»

«እኔስ ምን አልኩ» አሉ ጋሼ።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ያለቀ ነገር ነው። እኔም ቦርሳዬን በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግኩት።

ብዙም ሳንቆይ ፀሐይዋ ጠፋች። ከኮረብታው አናት «ቦካን ዱፌ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከሥሩ ያለችው ተቀበለች፣ ጩኸቱ እየወረደ መጣ። የእትዬ እጆች የወንበሩን ክንዶች ጨበጡ። ትከሻቸው ወደ ፊት አዘነበለ፣ ወገባቸው ከመቀመጫው ትንሽ ተነሣ፣ ዓይናቸው እኛን አያይም።

«ተቀመጪ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «እዚያ ላይ ልጆቹ አሉ።»

እትዬ ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የኮረብታው ጩኸት ተዋጠ። እጆቻቸው ግን ዝናቡ እስኪያባራ ወንበሩን አልለቀቁም።